ሞተር መንዳት ለካንሰር ምን ይፈይዳል?

ቲክቶክ ላይ ሳታዩት አልቀራችሁም። ሱፍ የለበሱ፣ ከረባት ያሰሩ፣ ጫማቸው ያብረቀረቀ ሰዎች አሮጌ ሞተር ላይ ተቀምጠው በሰልፍ ቀስ ብለው ያልፋሉ። ሰርግ ይመስላል። ሰርግ ግን አይደለም፤ ለካንሰር ገንዘብ የሚሰበሰብበት ጉዞ ነው።

እኛ ያለነው ቂሊንጦ ነው። እዚህ ሞተር ማለት ዕቃ ማድረሻ፣ ሥራ መድረሻ፣ እንጀራ ነው። ስለዚህ ቪዲዮውን ያየ ልጅ «ቆይ፣ ሞተር ስለተነዳ ካንሰር ይድናል እንዴ?» ብሎ ቢጠይቅ ትክክል ነው። ዛሬ ይህንኑ ጥያቄ በደንብ እንፈታታው።

ነገሩ የት ተጀመረ?

በዓለም ላይ በጣም የታወቀው ጉዞ «ዲስቲንጉዊሽድ ጀንትልመንስ ራይድ» ይባላል። በአማርኛ «የጨዋ ሰዎች የሞተር ጉዞ» ብንለው ያስኬዳል። በ2012 (እ.ኤ.አ.) አውስትራሊያ ሲድኒ ውስጥ ማርክ ሀዋ የተባለ ሰው ነው የጀመረው። መነሻው አንድ ፎቶ ነበር፤ «ማድ ሜን» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ገጸ ባሕርይ ሱፍ ለብሶ ሞተር ላይ ተቀምጦ የሚታይበት።

ሰውየው ያኔ የነበረው ሐሳብ ቀላል ነው። ሞተረኛ ሲባል ሰው የሚያስበው ዱርዬ ነው፤ ታዲያ ሱፍ ለብሰን ብንወጣስ? በመጀመሪያው ዓመት በ64 ከተሞች ከ2,500 በላይ ሰው ወጣ። ይህን ያህል ሰው ከወጣ ለምን ቁም ነገር አንሠራበትም ተባለና በሁለተኛው ዓመት ለፕሮስቴት ካንሰር ምርምር ገንዘብ መሰብሰብ ተጀመረ። በዚያ ዓመት ብቻ 11 ሺህ ያህል ሰው በ145 ከተሞች ነድቶ ከ277 ሺህ ዶላር በላይ አመጣ። እስካሁን የተሰበሰበው በድምሩ ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው።

ብቸኛው እሱ አይደለም። ካናዳ ውስጥ «ራይድ ፎር ዳድ» የሚባል አለ፤ በ2000 (እ.ኤ.አ.) ኦታዋ ላይ ተጀምሮ እሱም ለፕሮስቴት ካንሰር ይሰበስባል።

ብሩ ከየት ነው የሚመጣው?

ብዙ ሰው ሞተረኛው ራሱ ከኪሱ የሚከፍል ይመስለዋል። አሠራሩ ሌላ ነው። ተሳታፊው ይመዘገብና የራሱ ገጽ ይከፈትለታል። ሊንኩን ለጓደኛ፣ ለዘመድ፣ ለሥራ ባልደረባ ይልካል፤ «እኔ በዚህ ቀን ለዚህ ጉዳይ እነዳለሁ፣ አንተ ደግሞ የምትችለውን ስጥ» ይላል። ሰጪው ገንዘቡን የሚያስገባው በቀጥታ በዘመቻው በኩል ነው፤ የሞተረኛው ኪስ ውስጥ አይገባም።

ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጉዞው አንድ ቀን ነው፤ ልመናው ግን ሳምንታት ይፈጃል። ሞተሩ ዓይን ይስባል፣ ሰውየው ሊንኩን ይልካል፣ ድርጅቱ ብሩን ይቀበላል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የቀረው ሽርሽር ብቻ ነው።

እኛ አገርም ተመሳሳይ ነገር አለ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሰው እያሯሯጠ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶችም ገንዘብ ይሰበስባል። ሩጫው በራሱ ማንንም አያክምም፤ ሰው ይሰበስባል። ሞተሩም እንደዚያው።

አዲስ አበባ ላይ ሞተር ስሙ ጠፍቷል

በ2011 ዓ.ም. ክረምት የከተማው አስተዳደር ሞተር ሳይክል አዲስ አበባ ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ ማገዱን ታስታውሳላችሁ። ምክንያቱ በሞተር የሚፈጸም ወንጀል ነበር፤ ቦርሳና ሞባይል መንጠቅ የመሳሰለው። በኋላ ፈቃድ ላላቸው ተፈቀደ። ስሙ ግን እስካሁን አልጸዳም፤ ሞተር ከኋላ ሲመጣ ስልኩን ኪሱ የሚከት ሰው ዛሬም አለ።

ሲድኒ ላይ የተነሳው ሐሳብ እዚህ የበለጠ ትርጉም የሚኖረው ለዚህ ነው። ጠዋት ማታ ዴሊቨሪ የሚሠሩ ልጆች በሰልፍ፣ ሄልሜት አድርገው፣ መብራት ጠብቀው፣ ለታማሚ ብለው ሲወጡ ከተማው ሌላ ነገር ያያል።

ካንሰር እኛ አገር ምን ይመስላል?

የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ግምት ኢትዮጵያ ውስጥ በዓመት ወደ 77 ሺህ ሰው በካንሰር ይያዛል፣ ወደ 52 ሺህ ሰው ይሞታል። 52 ሺህን ለ365 ስታካፍሉት በቀን ከ140 ሰው በላይ ይመጣል። ወደ 12 ሚኒባስ ሙሉ ሰው ማለት ነው፣ በየቀኑ።

አንደኛ የጡት ካንሰር ነው፤ በዚያው ግምት በዓመት ወደ 16 ሺህ። ከሴቶች ካንሰር ሁለተኛው የማኅፀን በር ካንሰር ነው፤ ከ7 ሺህ በላይ። ብዙዎቹ ሐኪም ጋ የሚደርሱት በሽታው ከሄደ በኋላ ነው። እብጠቱ አያምም፣ ስለዚህ ይተዋል። ከዚያ ፍርሃት አለ፣ ሐፍረት አለ፣ ገንዘብ አለ። ስሙን መጥራት የማይወድ ቤተሰብም ብዙ ነው፤ «ያ በሽታ» ይባላል።

የታካሚው ጉዞ

አሁን ካርታ እናውጣ። ከቂሊንጦ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጥ ብቸኛው ሆስፒታል ነበር። አሁን እንደ ጅማ ባሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም ተጀምሯል፤ ለእኛ ሠፈር ሰው ግን መንገዱ ያው ወደ ጥቁር አንበሳ ነው።

ጨረር ደግሞ አንዴ ገብተው የሚወጡበት ነገር አይደለም። ብዙ ጊዜ በሳምንት 5 ቀን፣ ለተከታታይ ሳምንታት ነው። ሐኪም 5 ሳምንት ያዘዘላትን አንዲት የቂሊንጦ እናት አስቡ። 25 ቀን፣ በቀን ደርሶ መልስ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ። ሲደመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ደርሶ መልስ ያህል ማለት ነው፤ ታክሲ እየቀያየሩ፣ ሰልፍ እየጠበቁ፣ አቅም በሌለው ሰውነት።

ሞተረኛው እሁድ 40 ኪሎ ሜትር ነድቶ ፎቶ ይለጥፋል። እሷ ሰኞም፣ ማክሰኞም፣ ረቡዕም መሄድ አለባት። የሞተር ጉዞ ለካንሰር ይጠቅማል ወይ የሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው እዚህ ነው፤ የእሷን መንገድ ካቀለለ ይጠቅማል።

እስቲ እናስላው። 50 ሞተረኛ ቢወጣ፣ እያንዳንዱ 10 ጓደኛ ቢለምን፣ አንዱ 50 ብር ቢሰጥ 25,000 ብር ነው። የአንድ ታካሚ የቀን ትራንስፖርት 100 ብር ነው እንበል፣ ለ25 ቀን 2,500 ብር። ስለዚህ የአንድ እሁድ ጉዞ 10 ሰው ሕክምናውን ሳያቋርጥ እንዲጨርስ ሊያግዝ ይችላል። ትንሽ አይደለም፤ የታክሲ አጥቶ ሕክምና ማቋረጥ ማለት በሽታው እንዲመለስ በር መክፈት ነው።

ብሩ ለማን ይሰጥ?

ሥራውን ቀድመው የጀመሩ አሉ። «ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ» በ2004 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው ማቲዎስ የተባለ ልጃቸውን ገና በ4 ዓመቱ በደም ካንሰር ባጡ ወላጆች፣ በአቶ ወንዱ በቀለና በባለቤታቸው ነው። ታካሚ ይደግፋል፣ ግንዛቤ ይሰጣል። «ተስፋ አዲስ» የተባለው፣ በካንሰር የተያዙ ሕፃናት ወላጆች ድርጅት ደግሞ ከክፍለ ሀገር ልጅ ይዘው ለሚመጡ ማረፊያ ይሰጣል።

አንድ ነገር ግን እንነጋገር። የታማሚ ፎቶና የግል አካውንት ለጥፎ ብር መሰብሰብ እየተለመደ ነው። እውነተኛ አለ፣ ሌባም አለ። ከማጋራታችሁ በፊት እነዚህን እዩ፦

1. ብሩ የሚገባው በተመዘገበ ድርጅት ስም ነው ወይስ በአንድ ሰው ስም?
2. ምን እንደሚደረግበት አስቀድሞ በግልጽ ተጽፏል? «ለካንሰር ታማሚዎች» ብቻ አይበቃም። ለትራንስፖርት? ለመድኃኒት? ለስንት ሰው?
3. ካለቀ በኋላ ስንት እንደገባና ስንት እንደወጣ ይነገራል?

ሦስቱም መልስ ከሌላቸው እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ።

ሰልፉ ምን ይዞ ይውጣ?

«ካንሰርን እንከላከል» የሚል ባነር ማንንም ጤና ጣቢያ አይወስድም። መልእክቱ ሰው ነገ ጠዋት ሊያደርገው የሚችል ነገር መሆን አለበት። ለምሳሌ፦

• ዕድሜሽ ከ30 እስከ 49 ነው? የማኅፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች አለ። ደቂቃዎች የሚወስድ ነው። ውጤቱ ደህና ከሆነም መቼ እንደሚደገም የጤና ባለሙያውን ጠይቂ።
• ቤት ውስጥ ከ9 እስከ 14 ዓመት የሆናት ልጅ አለች? የኤችፒቪ ክትባት ይሰጣታል። የማኅፀን በር ካንሰርን ከሞላ ጎደል ሁሌም የሚያመጣው ይህ ቫይረስ ነው። ክትባቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አለ።
• ጡት ወይም ብብት ሥር እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ ከጡት ጫፍ ፈሳሽ ካለ መታየት ነው። እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ የሚለየው ግን ሐኪም ነው። ወንድም በጡት ካንሰር ይያዛል።
• አባታችሁ 50 አልፈዋል? ሌሊት ደጋግመው ይነሳሉ፣ ሽንት ያስቸግራቸዋል፣ ደም ይታያል? የፕሮስቴት ነገር ሊሆን ይችላል። ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ማደግም እንዲህ ያደርጋል፤ ስለዚህ ሳይፈሩ ይታዩ።

ጸበል የሚሄድ ይሂድ፣ ዱዓ የሚያደርግ ያድርግ። ሐኪም ጋ መሄድ ሁለቱንም አያስቀርም።

ማዘጋጀት ለምትፈልጉ

ፈቃድ ያለው ሞተር፣ መንጃ ፈቃድ፣ ሄልሜት ግድ ነው፤ የኋላ ተሳፋሪም ካለ እሱም ያድርግ። ትራፊክ ፖሊስን አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅና ፈቃድ መያዝ ያስፈልጋል። ሰልፉ ጎን ለጎን ሳይሆን ዚግዛግ ይሁን፤ አንዱ ግራ፣ ቀጣዩ ቀኝ፣ መሀል ላይ ማቆሚያ የሚበቃ ርቀት። ከፊት አንድ መንገድ መሪ፣ መጨረሻ ላይ አንድ የማይቀድም ሰው። በአንድ ጎማ መቆም የለም። በእኛ በኩል መንገዱን የሚሞላው ከባድ መኪና ስለሆነ እሁድ ማለዳ ይሻላል። ሆስፒታል አጠገብ ስትደርሱ ክላክስ አቁሙ፤ ውስጥ ያለው ሰው ተኝቷል።

መድረሻው ደግሞ አስፋልት ላይ አይለቅ። ምርመራ የሚሰጥ ጤና ጣቢያ በር ላይ ይለቅ። 50 ሞተረኛ ካለ ቢያንስ 50 እናት፣ እህት ወይም ሚስት አለች፤ እያንዳንዱ አንድ ሰው ለምርመራ ይዞ ቢመጣ ብር ሳይሰበሰብ እንኳ ጉዞው ሥራውን ሠርቷል።

ሞተር የሌላችሁ አትጨነቁ። ዛሬ ማታ እናታችሁን «ተመርምረሽ ታውቂያለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልታየች ቀን ቁረጡላትና አብራችሁ ሂዱ።

ይህን ጽሑፍ ሞተር ለሚነዳ ጓደኛችሁ ላኩለት። 🙏