ከሚወዱት ጋር ሲውሉ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከሚወዱት ሰው ጋር ሆኖ ልብን ማሳረፍ ሁሉም ምክር የሚሰጥበት ጉዳይ ነው። ምክሩ ሁሉ ግን አያስኬድም። በጉለሌም ሆነ በሌላው ሠፈር ደጋግመን ከምንሰማቸው አምስቱን እንያቸው።

1. «ያለ ገንዘብ ምን ደስታ አለ?»
እውነታው፦ ችግር ትዳርን ይፈትናል፤ የቤት ኪራይ የደረሰበት ሰው ጨዋታ አያምረውም። ዋናው ወጪ ግን ጊዜ ነው። እንጦጦን በእግር ለመውጣትም፣ ከአቦል እስከ በረካ ሳይጣደፉ ለመቀመጥም የሚያስፈልገው እሱ ነው። ስልኩን ሲነካካ ያመሸ ሰው፣ የትም ተጋብዞ ቢሄድ፣ አብሮ አላመሸም።

2. «ጨዋታ ከጠፋ ፍቅር ቀዝቅዟል።»
እውነታው፦ ሽሮ ሜዳ የሸማኔ ሠፈር ነው፤ ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ዶርዜዎች ናቸው። በልማዱ ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል። እሱ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ መወርወሪያውን ሲያመላልስ፣ እሷም ማጉን በቀሰም ስታጠነጥን፣ ቃል ሳይለዋወጡ ሰዓታት ያልፋሉ። አንዱ ቀሰም ሊያልቅ ሲል ሌላውን ታቀብለዋለች። ያ ዝምታ ቅዝቃዜ አይደለም። የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪው ጄምስ ኮን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጥናት 16 ባለትዳር ሴቶች የአንጎል መመርመሪያ ውስጥ ሆነው ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት እንዲጠብቁ ተደረገ። የባላቸውን እጅ ሲይዙ አንጎላቸው ለስጋቱ የሚሰጠው ምላሽ ቀነሰ፤ በትዳራቸው ይበልጥ ደስተኛ በሆኑት ላይ ደግሞ ይበልጥ ቀነሰ። ለዚህ ንግግር አላስፈለገም።

3. «ከወደደኝ ሳልነግረው ይገባዋል።»
እውነታው፦ ሳይጠየቁ ማቀበል ለቀሰም ይሠራል፤ የልብ ፍላጎት ግን ካልተነገረ አይታወቅም። ንጉሥ ምኒልክ መቀመጫቸውን እንጦጦ ላይ አድርገው ሳለ፣ ጣይቱ ብጡል ከፍልውኃው አጠገብ ቤት እንዲሠራላቸው ባለቤታቸውን ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው በዚህ ነው። ጣይቱ ቅር ብሏቸው ዝም ቢሉ ኖሮ የእንጦጦን ብርድ ችለው በኖሩ ነበር።

4. «የሚዋደዱ አይጋጩም።»
እውነታው፦ ጥንዶችን ለአሥርት ዓመታት ያጠናው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጆን ጎትማን፣ ከአለመግባባቶቻቸው 69 በመቶ ያህሉ ከጠባይና ከፍላጎት ልዩነት የሚመነጩና ጨርሰው የማይፈቱ መሆናቸውን ይናገራል። አንዷ ቆጣቢ፣ አንዱ እጀ ሰፊ ከሆኑ፣ ከሃያ ዓመት በኋላም በአስቤዛ መነታረካቸው አይቀርም። ቁም ነገሩ ያለው ሳይናናቁ መነታረካቸው ላይ ነው። ዱላና ማስፈራራት ግን ከዚህ ሒሳብ ውጭ ናቸው፤ በፍርሃት የሚኖር ሰው አብሮ ቢኖርም አላረፈም።

5. «ይህ ሁሉ ላገባ ሰው ነው።»
እውነታው፦ እ.ኤ.አ. በ2010 ተመራማሪዋ ጁልያን ሆልት ሉንስታድና ባልደረቦቿ ከ300,000 በላይ ሰዎችን ያካተቱ 148 ጥናቶችን አንድ ላይ መረመሩ። ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። የተቆጠረው ትዳር ብቻ አይደለም፤ ወዳጅም፣ ቤተሰብም፣ ጎረቤትም ነው። ስለዚህ ያላገባ ሰው ሠርጉ እስኪደርስ ደስታውን ቀጠሮ አይስጠው። እናቱ ቡና እያፈሉ ከሆነ ሄዶ ይቀመጥ።