የጅቡ ሁለት ሕግ

በሐረር ጀጎል እንግዳ እየመራ የሚውል አስጎብኚ፥ ሥራው ግንብና በር ማሳየት ብቻ ቢመስልም፥ ዋናው ድካሙ በትውፊት ዓለማት ድንበር ላይ ቆሞ መተረኩ ነው፤ አሚር ኑር በ16ኛው ምእት ዓመት ባሠራው ቅጥር ውስጥ የሚነገረውና ከደጋው አገር የመጣው እንግዳ በልጅነቱ እሳት ዳር የሰማው ታሪክ ባለታሪካቸው አንድ፥ ሕጋቸው ግን ሁለት ነውና።

ይህ ከሁሉ ይልቅ በጅብ ይገለጣል። እንደ ከተማው ትውፊት፥ በአንድ የረኃብ ዘመን ጅቦች ሰው መንጠቅ በጀመሩ ጊዜ፥ አውልያዎቹ ኪዳን አቁመው ገንፎ ሊያበሏቸው ተስማሙ፤ ስለዚህም በዓሹራ ዋዜማ ቅቤ የጠጣ ገንፎ ይቀርብላቸዋል፥ ቀዳሚው ጅብም ከግማሽ በላይ ቢበላ ዓመቱ የጥጋብ፥ ቢጸየፈው ወይም ጠርጎ ቢጨርሰው የችጋር ይሆናል ተብሎ ይተነበያል። ሌሊት ሌሊትም «ወራባ ኑዱል» በተባሉት የግንቡ ቀዳዳዎች ገብተው፥ ጥራጊውን ብቻ ሳይሆን በየመንገዱ የሚያደባውን ጂን ጭምር ይበላሉ ይባላል። በደጋው እንግዳ ዘንድ ግን ጅብ፥ ቀን አንጥረኛ ሆኖ የሚውለው ቡዳ ሌሊት የሚለወጥበት ሥጋ ነው፤ ከአምስቱ ጥንታውያን በሮች አንዱንም ሐረሪው በድሮ በሪ ሲለው፥ አማርኛ ተናጋሪው ቡዳ በር ይለዋል። እንግዲህ ማታ ከቅጥሩ ውጭ ጅብ ሲበላ ለማየት በቆምን ቁጥር ጥያቄው አይቀርም፤ ጅቡ ራሱ ቡዳ ከሆነ ጂኑን ማን ይበላልናል?

አንዳንድ የሥራ ባልንጀሮቼ ይህን ለማስታረቅ፥ የሐረር ጅብ ደግ የደጋው ጅብ ክፉ ነው የሚል ሦስተኛ ተረት ፈጥረዋል። እኔ አልወደድሁትም። የኪዳኑ ተአምር ሰው ከሚበላ አውሬ ጋር መቆሙ ነው፤ አውሬው በባሕርዩ ደግ ከሆነ ኪዳን ለምን አስፈለገ? የቡዳው ተረትም የሚፈራው አውሬውን ሳይሆን ጎረቤትን ነው። (ስንቱን ባለእጅ እንዳስናቀ ስለማውቅ፥ ይህን የምተርከው ተረት መሆኑን አስቀድሜ ተናግሬ ነው።)

ይህን መሰሉን ችግር በገንዘባቸው የገዙም አሉ። ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማጂክ የተባለውን የምናብ ካርታ ጨዋታ የሚያሳትመው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት፥ በ1997 ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለውን ሌላ የምናብ ጨዋታ አሳታሚ ጠቅልሎ ገዛ፤ በ2018 የካርታውን ከተማ ራቭኒካን ለሁለተኛው ጨዋታ በመጽሐፍ አቀረበ፥ በ2021 ደግሞ የሁለተኛውን ዓለም ወደ ካርታው አመጣ። በካርታው ዓለም ኃይል በአምስት ቀለም ከምድሪቱ ይቀዳል፥ ከዓለም ወደ ዓለም መሻገርም ለረጅም ጊዜ «ብልጭታው» ላለባቸው ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ ጸጋ ሆኖ ሲተረክ ኖረ፤ በሌላው ግን ጠንቋዩ ድግምቱን ከመጽሐፉ ያጠናል፥ ካህኑ ከአምላኩ ይለምናል፥ በሩን ያገኘም ሁሉ ይሻገራል። ሁለቱ በእውነት አንድ ዓለም ናቸው ቢባል፥ ማንም በበር በሚያልፍበት አገር ያ ብልጭታ ምን ክብር ይቀርለታል? በ2023 የቶልኪንን የቀለበቶች ጌታ በካርታ ባወጣ ጊዜ፥ ድርጅቱ እነዚህ ከራሱ ታሪክ ውጭ ናቸው ብሎ ወሰን ማበጀቱን ስለዚህ አልነቅፍበትም።

ዓለማት ተገናኝተው ሳይፈርሱ የቀሩበትን ሳስብ ግን የአክሱሙ ትውፊት ትዝ ይለኛል፤ ኤኖ ሊትማን በ1904 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው። ለዘንዶው ግብር ትሆን ዘንድ ከዛፍ የታሰረችውን እትዬ አዜብን ቅዱሳን ደርሰው ዘንዶውን ገድለው አዳኗት፤ ነገር ግን ደሙ ተረከዟ ላይ ስለ ነጠበ እግሯ የአህያ ኮቴ ሆነ፥ ነግሣም ኢየሩሳሌም ሄዳ የሰሎሞንን ደጅ በረገጠች ጊዜ ተፈወሰች። እርሳስ ይዞ ዘመን የሚቆጥር እንግዳ፥ ሰሎሞን እነዚያን ቅዱሳን ከአንድ ሺሕ ዓመት በላይ ይቀድማቸዋል ብሎ ይሞግተኛል፤ ሙግቱ ትክክል ነው፥ ታሪኩን ግን አይነካውም። ዘንዶው ያቆሰለው ሰሎሞን ደጅ እስኪደርስ አልሻረም፤ አንዱ ዓለም ያጐደለውን ሌላው ሞላው እንጂ የማንኛቸውም ሕግ አልተሻረም። በጀጎሉ ጅብና በደጋው ቡዳ መካከል እንዲህ የሚሻገር ቁስል ያለው ታሪክ ከማንም አፍ ገና አልሰማሁም፤ እስክሰማም ድረስ ሁለቱን ለየብቻ እተርካለሁ።