ቀለበት የሚሰብረው ቀለበት፦ ባክቴሪያዎች ቤንዚን እንዴት ይበላሉ?

የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ አንድ ጋራዥ ጎራ ብትሉ መጀመሪያ የምታዩት ጥቁር መሬት ነው። ቤንዚን፣ ናፍታና የተቃጠለ ዘይት ለዓመታት ሲንጠባጠብበት ኖሯል። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ከፊሉን ጠርጎ ወደ ወንዝ ያወርደዋል። ከእንጦጦ የሚነሱት እንደ ቀበና ያሉ ወንዞች ደግሞ መጨረሻቸው አቃቂ ነው፤ በአቃቂ ዳር አትክልት ይለማል። ስለዚህ የጋራዡ ነገር የሰላጣና የጎመን ነገርም ነው።

ከእነዚህ ነዳጆች ውስጥ አስቸጋሪዎቹ «አሮማቲክ» የሚባሉት ናቸው። ስድስት የካርበን አቶሞች ክብ ሠርተው የተያያዙባቸው ሞለኪውሎች ናቸው። የቀለበቱ ጥንካሬ ከየት መጣ? አንዳንዶቹ ኤሌክትሮኖች የሁለት ጎረቤታሞች ብቻ ሳይሆኑ የስድስቱም የጋራ ንብረት ናቸው። እንደ እድር አስቡት፤ የአንዱን ሸክም ሁሉም ይሸከመዋል። ይህን ማኅበር ለመበተን ብዙ ጉልበት ይጠይቃል።

ግን ቀለበቱ ለአፈር እንግዳ አይደለም። እንጦጦን የሸፈነው የባሕር ዛፍ እንጨት ውስጥ ያለው ሊግኒን ራሱ በእንዲህ ዓይነት ቀለበቶች የተሠራ ነው። እንጨት በበሰበሰ ቁጥር ቀለበት የሚሰብር ሕዋስ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ባክቴሪያዎች ይህን ሙያ የተማሩት መኪና ከመፈጠሩ እጅግ በፊት ነው።

ታዲያ ሙያው የት ነው የተጻፈው? ብዙ ጊዜ ፕላዝሚድ ላይ ነው። ፕላዝሚድ ከዋናው ክሮሞዞም ተለይታ የምትኖር፣ አብዛኛውን ጊዜ ክብ የሆነች ትንሽ ዲኤንኤ ናት። ሱዶሞናስ ፑቲዳ በተባለው የአፈር ባክቴሪያ ውስጥ ያለችው «ቶል» ፕላዝሚድ ታዋቂ ናት። በ1974 (እ.ኤ.አ.) ዊሊያምስና መሪ የተባሉ ተመራማሪዎች ስለ መኖሯ ማስረጃ አቀረቡ። የባክቴሪያው ክሮሞዞም 6 ሚሊዮን ያህል «ፊደላት» ሲኖሩት እሷ ያላት 117 ሺህ ገደማ ብቻ ነው።

ሥራዋ በሁለት ምዕራፍ ይከፈላል። በመጀመሪያው፣ ቤንዚን ውስጥ የሚገኘው ቶሉዊን ደረጃ በደረጃ ወደ ቤንዞዌት ይቀየራል። በሁለተኛው፣ ቤንዞዌት ካቴኮል ይሆንና አንድ ኢንዛይም ሁለት የኦክሲጅን አቶሞች አስገብቶ ቀለበቱን ይከፍተዋል። የተከፈተው ሞለኪውል ቢጫ ነው! ቤተ ሙከራ ውስጥ በባክቴሪያዎቹ ላይ ካቴኮል ሲረጭ ቢጫ የሚሆኑት ይህ ኢንዛይም እንዳላቸው በዓይን ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ቁራጭ ለባክቴሪያው ተራ ምግብ ነው።

ዋናው ቁም ነገር ግን እዚህ ላይ ነው፦ ፕላዝሚዷ ትሻገራለች። ሁለት ባክቴሪያዎች ሲነካኩ አንዱ ቅጂውን ለሌላው ይሰጣል። ሙያው ከወላጅ ወደ ልጅ ብቻ ሳይሆን ከጎረቤት ወደ ጎረቤትም ይተላለፋል። ካልጠቀመች ደግሞ ትጣላለች፤ ቤንዞዌት ብቻ እየተመገበ የሚያድግ ባክቴሪያ ቶልን ቀስ በቀስ ያጣታል።

ትውልደ ሕንዱ አናንዳ ቻክራባርቲ የተለያዩ ፕላዝሚዶችን አንድ ባክቴሪያ ውስጥ አሰባስቦ ዘይት የሚበላ ዝርያ ሠራ። በ1980 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ4 በሆነ ድምፅ የፈጠራ መብት እንዲሰጠው ወሰነ። ሆኖም ያ ባክቴሪያ ለጽዳት ሜዳ ላይ አልወጣም።

ለእኛ ጋራዦች መሐንዲሱ የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፦ አፈሩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ምን ጎደላቸው? አብዛኛውን ጊዜ አየር፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። ያ ቀለበት ከፋች ኢንዛይም ኦክሲጅን ካላገኘ አይሠራም፤ ዘይት የጠገበ፣ በመኪና ጎማ የተጠቀጠቀ መሬት ደግሞ አየር አያስገባም። አፈሩን መገልበጥ፣ እርጥበቱን መጠበቅና ጥቂት ማዳበሪያ መጨመር ብዙ ይረዳል።

ገደብ ግን አለው። እንደ እርሳስ ያለ ብረት ቀለበት ስላልሆነ የሚሰብረው ፕላዝሚድ የለም። የሚንጠባጠበው ካልቆመም ባክቴሪያው ሁልጊዜ ከኋላ ሯጭ ነው፤ ስለዚህ ከሁሉም በፊት የተቃጠለው ዘይት መሬት ሳይነካ በርሜል ውስጥ ይግባ።