ሰማያዊው ፖስታ፦ በማሳቹሴትስ የጤና ዋስትና እንዴት ይጠፋል?

እኛ እዚህ እስራኤል ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የለመድነው ሕግ አለ። ነዋሪ የሆነ ሁሉ ከአራቱ ኩፓት ሆሊም በአንዱ ይመዘገባል፤ ሥራ ቢያጣም ቢያረጅም አባልነቱ አይቀርበትም። ስለዚህ አሜሪካ ያለ ዘመድ ደውሎ «ኢንሹራንሴ ተቋረጠ» ሲል ግራ ይገባናል። ያ ሁሉ ሀብት ባለበት አገር?

ማሳቹሴትስን እንይ፤ ዋና ከተማዋ ቦስተን ናት፣ አማርኛ ተናጋሪም አታጣም። እ.ኤ.አ. በ2006 አገረ ገዢው ሚት ሮምኒ የፈረሙት ሕግ ነዋሪው ዋስትና እንዲይዝ አስገደደ። የኦባማ የ2010 ሕግ ብዙውን ነገር የወሰደው ከዚያው ነው። ስቴቱ ዋስትና የሌለው ሰው በጣም ከሚያንስባቸው አንዱ ሆኗል።

ግን በሩ ብዙ ነው። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው ማስሄልዝ ይገባል፤ ከዚያ ከፍ ያለው በመንግሥት ድጎማ ከሄልዝ ኮኔክተር ይገዛል። ማመልከቻው እንኳን አንድ ነው። ክትባትና ተላላፊ በሽታ ደግሞ የስቴቱ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት ሥራ ነው፤ ከሥሩም 351 ከተሞች እያንዳንዳቸው የራሳቸው የጤና ቦርድ አላቸው።

ዋናው ጉዳይ ግን ፖስታው ነው። በኮሮና ጊዜ ኮንግረስ ማንም ከሜዲኬይድ እንዳይሰረዝ አድርጎ ነበር። ማስሄልዝም የሜዲኬይድ አካል ነው። ያ ጥበቃ መጋቢት 31 ቀን 2023 አበቃና የሁሉም ሰው ፋይል እንደገና ይመረመር ጀመር። አንዳንዱ በኮምፒዩተር ብቻ ታደሰለት። ለሌላው ሰማያዊ ፖስታ ተላከ፤ ሞልቶ ያልመለሰ ተሰረዘ። በመላው አሜሪካ ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰው ወጣ። ከአሥሩ ሰባት ያህሉ የወጡት «አይገባህም» ተብለው ሳይሆን በወረቀት ጉድለት ነው፤ ደብዳቤው ወደ ድሮ አድራሻ ሄዶ ወይም ሳይነበብ ቀርቶ።

እኛም ቤት ከቢቱዋህ ሌኡሚ የመጣ ደብዳቤ የልጅ ልጅ እስኪመጣ ፍሪጅ ላይ ተቀምጦ ይሰነብታል፤ ይህን የማያውቅ የለም። እዚያ ግን መዘዙ ከባድ ነው። ድንገተኛ ክፍል በ1986ቱ ሕግ በሽተኛን አይመልስም፤ ሂሳቡ ግን ቤት ድረስ ይከተላል።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት ከ2027 ጀምሮ ከ19 እስከ 64 ዓመት ያሉ ብዙ የሜዲኬይድ ጎልማሶች በወር 80 ሰዓት ሥራ ወይም ትምህርት ማሳየት፣ በየስድስት ወሩም ማደስ ይኖርባቸዋል። ሽማግሌዎች በዚህ አይነኩም፤ ልጆቻቸው ግን ሊነኩ ይችላሉ።

እዚያ ዘመድ ካላችሁ ስትደውሉ ሁለት ነገር ጠይቁልን፦ ቤት ከቀየረ ለማስሄልዝ አስታውቋል? ያልተከፈተ ፖስታስ አለ? እንግሊዝኛው ከከበደው ስልኩን ላነሳው ሠራተኛ «አማርኛ» ይበል፤ አስተርጓሚ በነጻ ይቀርብለታል።