አንድ ቀን እንኳ ጥሎ አያውቅም

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በታኮማ ፓርክ ወይም በአሌክሳንድሪያ አሮጌ ቤት ሊገዙ የሚዞሩ ኢትዮጵያውያን ምድር ቤት ሲወርዱ ግድግዳው ላይ የተገጠመ ግራጫ የብረት ሳጥን ይጠብቃቸዋል። ክዳኑ ሲከፈት ጥቋቁር ብሬከሮች በሁለት ረድፍ ተደርድረው ይታያሉ፤ በአንዳንዱ ቤት የብሬከሮቹ እጀታ ላይ ቀይ መስመር አለ። ሻጩ አጠገባቸው ከቆመ ስለ ሳጥኑ የሚለው አያጣም፦ ሠላሳ ዓመት ኖርንበት፣ አንድ ቀን እንኳ ጥሎ አያውቅም። ለምስጋና የተነገረ ነው፤ ገዢውም እንደ ምስጋና ይሰማዋል። ይህ ምስጋና የበሽታ ምልክት ሊሆን እንደሚችል የታወቀው ግን ቀስ በቀስ፣ በብዙ ገንዘብና በብዙ ክርክር ነው።

ብዙ ሰው ብሬከር ፍሪጁን ወይም ቴሌቪዥኑን የሚጠብቅ ይመስለዋል። የሚጠብቀው ግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን ሽቦ ነው። 15 አምፔር እንዲሸከም የተዘረጋ ሽቦ እጥፉ ከተጫነበት ይግላል፤ ልባሱ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። አጠገቡ ያለው ደግሞ እንጨት ነው፤ የአሜሪካ መኖሪያ ቤት ውጫዊ ገጽታው ጡብ ቢሆን እንኳ ውስጡ ብዙውን ጊዜ በእንጨት የተማገረ ነው። በብሬከሩ ሆድ ውስጥ ከሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀ ስስ ምላስ አለ። በሽቦው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ሲበዛ ምላሱ ይሞቃል፤ ሁለቱ ብረቶች እኩል ስለማይለጠጡ ይጎብጣል፤ ሲጎብጥ መቀርቀሪያውን ይለቃል፤ በስፕሪንግ የተወጠረው መገናኛ ተስፈንጥሮ መስመሩን ይቆርጣል። ኮንታክት ሲፈጠር ደግሞ ሙቀቱ እስኪደርስ ሳይጠበቅ የማግኔት ጉልበት በቅጽበት ይቆርጠዋል።

ከብሬከር በፊት ፊውዝ ነበር። ፊውዝ ቀልጦ ነው የሚቆርጠው፤ በቀለጠ ቁጥር አዲስ መግዛት ግድ ነው። ሰው ደግሞ መግዛት ሲሰለቸው ዘዴ አያጣም። አዲስ አበባ ውስጥ በቀለጠው ፊውዝ ቦታ ወፍራም የመዳብ ሽቦ የጠመጠመ ሞልቷል፤ አሜሪካኖቹ ከፊውዙ ሥር የአንድ ሳንቲም ፔኒ ይሸጉጡ ነበር። ሁለቱም አደገኛ ነው፤ ነገር ግን እንዲህ የሚያደርግ ሰው ምን እንዳደረገ ያውቃል። ክዳኑን የከፈተ ሌላ ሰውም ያየዋል። ብሬከር ይህን በር ዘጋው፤ ሲጥል መልሶ ማንሣት ነው፣ ሆዱም የታሸገ ነው። አብሮ የተዘጋ ሌላ ነገር ግን ነበር። ባለቤቱ ማታለል ካልቻለ ማየትም አይችልም፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ነገር ይሥራ አይሥራ የሚያውቀው አምራቹና መርማሪው ብቻ ሆነ።

መርማሪው ዩ ኤል የሚባለው ድርጅት ነው። በመለኪያው መሠረት አንድ የተለመደ የቤት ብሬከር ከተመደበለት መጠን 135 በመቶ ሲጫንበት በአንድ ሰዓት ውስጥ መቁረጥ አለበት። እስከ 30 አምፔር ላሉት ጭነቱ 200 በመቶ ከደረሰ የሚሰጣቸው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ነው። ፈተናውን ያለፈ ምርት የዩ ኤል ምልክት ይለጠፍበታል። የኒው ጀርሲው ፌዴራል ፓሲፊክ ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ስታብ ሎክ በሚል ስም የሸጣቸው ብሬከሮችም ይህ ምልክት ነበራቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በከተሞች ዳርቻ ቤት እንደ አሸን በሚፈላበት ዘመን ርካሽና በቀላሉ የሚገጠሙ ነበሩና በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤቶች ውስጥ ገቡ።

ነገሩ መፍታታት የጀመረው በንግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ሪላያንስ ኤሌክትሪክ የተባለ ኩባንያ ፌዴራል ፓሲፊክን ከባለቤቱ ከዩ ቪ ኢንዱስትሪስ በ345 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በዚያው ዓመት ሪላያንስን ራሱን የነዳጁ ኩባንያ ኤክሶን ጠቀለለው። አዲሶቹ ባለቤቶች የገዙትን ዕቃ መመርመር ሲጀምሩ ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። በ1980 ሪላያንስ ለአክሲዮን ገበያው ተቆጣጣሪ ባቀረበው ሪፖርት ላይ አብዛኞቹ የፌዴራል ፓሲፊክ ብሬከሮች የዩ ኤል ምልክት ያገኙት በማታለል እንደሆነ አመነ። ልብ በሉ፤ ምስጢሩ በይፋ የወጣው ከተቃጠለ ቤት ፍርስራሽ ውስጥ አልነበረም። ባለአክሲዮኖች የገዙት ኩባንያ ዋጋው ስንት እንደሆነ እንዲያውቁ ሲባል በተጻፈ ወረቀት ላይ ነው።

ወሬው የደረሰው የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን በጊዜው ከሌላ የኤሌክትሪክ ችግር ጋር እየታገለ ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ የመዳብ ዋጋ ሲንር ግንበኞች ከ1965 እስከ 1973 ድረስ ወደ ሁለት ሚሊዮን በሚጠጉ ቤቶች የአሉሚኒየም ሽቦ ዘርግተዋል። አሉሚኒየም ከመዳብ ይልቅ በሙቀት ይለጠጣል፣ ገጹም ላይ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ዝገት ያበጃል፤ ሶኬቱ ላይ የታሰረበት ቡሎን እየላላ ሲሄድ መገናኛው ይግላል። በ1974 በኒው ዮርክ ግዛት በሃምፕተን ቤይስ ሁለት ሰዎች የሞቱበት ቃጠሎ ከእንዲህ ዓይነት መገናኛ የተነሣ መሆኑን የእሳት አደጋ ባለሥልጣናት ደርሰውበታል። የኮሚሽኑን የአሉሚኒየም ፍተሻ ከሠሩት መሐንዲሶች አንዱ ጄሲ አሮንስታይን ይባላል። የስታብ ሎክ ጉዳይ ሲመጣም ብሬከሮቹ ለሙከራ የደረሱት ወደ እርሱ ነው።

ሙከራው ሲታይ የሚያሰለች ሥራ ነው። ብሬከሩን ጠረጴዛ ላይ ማሰር፣ የተለካ ኤሌክትሪክ መልቀቅ፣ ሰዓት ይዞ መጠበቅ። ደህና ብሬከር ከሆነ ሰዓቱ ሳያልቅ ይጥላል። ከስታብ ሎኮቹ ግን ሰዓቱ አልቆም ዝም ያሉ ብዙ ሆነው ተገኙ። የባሱት ባለ ሁለት መስመሮቹ ናቸው። የአሜሪካ ቤት ከትራንስፎርመሩ እያንዳንዳቸው 120 ቮልት የሆኑ ሁለት መስመሮች ይመጡለታል፤ ምድጃው፣ ልብስ ማድረቂያውና የማቀዝቀዣው ማሽን ሁለቱንም አንድ ላይ ይጠቀማሉ፤ ስለዚህ ብሬከራቸው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ እንዲቆርጥ የተጣመረ ነው። ጭነቱ በአንደኛው መስመር ብቻ ሲሆን ያ ወገን ሊቆርጥ ይሞክርና ከጓደኛው ጋር ተቀርቅሮ የሚቀርበት ጊዜ አለ። አንዴ ከተቀረቀረ ምንም ያህል ቢጫንበት አይጥልም። እጀታውን ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት ደግሞ ችግሩን የሚያባብስ ሆኖ ተገኘ።

ለቤቱ ባለቤት ከዚህ ሁሉ የሚታየው ምንም ነገር የለም። እጀታውን ሲያወርደው መብራቱ ይጠፋል፣ ሲመልሰው ይበራል። በእጅ መሥራቱ በራሱ ለመሥራቱ ማስረጃ አይደለም፤ ሁለቱ ሥራዎች ተለያይተዋልና። የሚያንቀላፋ ዘበኛና ነቅቶ የሚያድር ዘበኛ ሌባ እስኪመጣ ድረስ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው።

እዚህ ላይ ታሪኩ በድል ያልቃል ብሎ የሚጠብቅ አንባቢ ይኖራል። በማርች 1983 ግን ኮሚሽኑ ምርመራውን ዘጋ። ብሬከሮቹ በአንዳንድ የዩ ኤል መለኪያዎች እንደወደቁ መግለጫው አልደበቀም፤ ነገር ግን ይህ በየቤቱ ምን ያህል አደጋ እንደሚፈጥር ለመወሰን በእጁ ያለው መረጃ በቂ እንዳልሆነ፣ ቀሪውን ለመሰብሰብ ብዙ ሚሊዮን ዶላር እንደሚጠይቅና የዓመት በጀቱ ግን 34 ሚሊዮን ብቻ እንደሆነ ገለጸ። ኩባንያው በበኩሉ ብሬከሮቹ በአብዛኛው የጭነት መጠን ይቆርጣሉ፣ በዝቅተኛ ጭነት ቢዘገዩም ሽቦውና ዕቃው በአግባቡ እስከተያዘ ድረስ አደጋ የለውም ሲል ተከራክሯል። እኔን የሚያስቆጨኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ገንዘብ አጥሮት የተዘጋ መዝገብ ነጻ እንደወጣ ተከሳሽ ተቆጠረ፤ ጉዳዩ ተመርምሮ ምንም አልተገኘም የሚለው ወሬ ቤት ከሚያሻሽጠው ወደ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ከእርሱም ወደ ገዢው እየተሻገረ ዓመታት ኖረ።

መዝገቡን እንደገና የከፈተው ፍርድ ቤት ነው። የቤት ባለቤቶች በኒው ጀርሲ በጋራ በመሠረቱት ክስ በ2002 የግዛቱ ፍርድ ቤት ፌዴራል ፓሲፊክ መለኪያውን ማሟላታቸው ያልተፈተሸ ብሬከሮችን እያወቀ በማሰራጨት የሸማቾችን ሕግ መጣሱን አረጋገጠ። በ2011 ኮሚሽኑ በድሮው መግለጫው ላይ ማሳሰቢያ ጨመረበት፤ በ1983 ስለ ብሬከሮቹ ደህንነት ምንም እንዳልወሰነ ገልጾ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ጠቀሰ። በ2012 አሮንስታይን ከባልደረባው ጋር ባሳተመው ጥናት እነዚህ ብሬከሮች በዓመት እስከ 2,800 ለሚደርሱ ቃጠሎዎችና ለ13 ሰዎች ሞት ምክንያት ሊሆኑ እንደሚችሉ ገመተ። ግምት ነው፤ ተቆጥሮ የተገኘ አይደለም። ሊቆጠርም የሚከብድ ነው። እሳቱ የሚነሣው ሳሎን ካለ ሶኬት ወይም ከአልጋ ሥር ከተዘረጋ ማራዘሚያ ነው፤ የእሳት አደጋ መርማሪው የሚጽፈውም ያንን ነው። መቁረጥ ሲገባው ያልቆረጠው ብሬከር ምድር ቤት ውስጥ እሳት ሳይነካው ይቀራል፤ ማንም አይጠይቀውም።

ይህ ሁሉ ወደ እኛ ኩሽና ሲመጣ ሒሳቡ ያስገርማል። በአሜሪካ ብዙ ሐበሻ እንጀራ የሚጋግርበት ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ መጀመሪያ የኖርዌይ ተወላጆች ሌፍሰ የሚባለውን የድንች ቂጣ እንዲጋግሩበት የተሠራ ነው። 1,400 ዋት ገደማ ይፈልጋል፤ በ120 ቮልት ሲሰላ 12 አምፔር መሆኑ ነው። በዚያው መስመር ላይ 10 አምፔር የሚወስድ ማይክሮዌቭ ሲበራ 22 ይሆናል። መስመሩ በብዙ አሮጌ ቤት እንደሚገኘው 15 አምፔር ከሆነ ጭነቱ ወደ 147 በመቶ ይጠጋል። ማይክሮዌቩ ለሁለት ደቂቃ ቢበራ ምንም አይደለም፤ በእርሱ ቦታ የክፍል ማሞቂያ ተሰክቶ ቢውል ግን የቤተሰብ እንጀራ እስኪያልቅ የሚወስደው ሰዓት ልክ በዩ ኤል ጠረጴዛ ላይ የሚደረገው ፈተና ነው። ደህናው ብሬከር መሃል ላይ ይጥልና ሊጥ የያዘችውን ሴት ያናድዳል። ታማሚው ዝም ብሎ ያስጋግራል።

በዲሲ ዙሪያ ሳጥኑን ለውጦ የቤቱን የኤሌክትሪክ አቅም ማሳደግ ሄቪ አፕ ይባላል፤ ከ60 ወይም ከ100 አምፔር ወደ 200 ማለት ነው። ባለቤቱ ብቻውን የሚሞክረው ሥራ አይደለም። ዋናው ብሬከር ቢጠፋም ከቆጣሪው የሚገቡት ሁለት ወፋፍራም ሽቦዎች ኤሌክትሪክ እንደያዙ ናቸው፤ እነሱን ከላይ የሚያቋርጠው ኃይል አቅራቢው ነው፣ በሜሪላንድ በኩል ብዙ ቦታ ፔፕኮ፣ በቨርጂኒያ ዶሚኒየን። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ከካውንቲው የሥራ ፈቃድ ያወጣል፣ የቤቱን ስፋትና ዕቃ ቆጥሮ ጭነቱን ያሰላል። ከዚያ የቆጣሪው መቀመጫ፣ ወደ ቤት የሚገባው ኬብልና ሳጥኑ ይለወጣሉ፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ የሆኑ ሁለት የኧርዝ ዘንጎች መሬት ውስጥ ይመታሉ፤ ከብረት የተሠራው የውሃ ቧንቧም አብሮ ይታሰራል። የካውንቲው ተቆጣጣሪ አይቶ ማጽደቅ አለበት። ወጪው ቀላል አይደለም፣ በሺዎች ነው የሚቆጠረው፤ ቤቱ ከመገዛቱ በፊት ከታወቀ ግን ከዋጋው ላይ መደራደር ይቻላል፤ ስታብ ሎክ ያለበትን ቤት አልሸፍንም የሚሉ ኢንሹራንሶችም ስላሉ ለሻጩ ክርክሩ ይከብደዋል። ለአሮጌው ሳጥን የሚሆን አዲስ ብሬከር አሁንም ይሸጣል፤ እኔ ግን ገንዘቤን በዚያ ላይ አላወጣም፣ ብሬከሩ የሚሰካበት የሳጥኑ ውስጥ አሞሌም ራሱ ሲግል የሚገኝበት ጊዜ አለና።

ለውጡ ካለቀ በኋላ ኤሌክትሪክ ሠራተኞቹ የሚቀበሉት ስሞታ ይኖራል፦ አዲሱ ሳጥን ይጥላል፣ የገጠማችሁት ዕቃ ተበላሽቷል። ባለሙያው ተመልሶ ሲመጣ የተበላሸ ነገር አያገኝም። ኩሽናው ውስጥ በአንድ መስመር ላይ የተሰካውን ይቆጥራል፣ ከአዲሱ ሳጥን ከቀሩት ባዶ ቦታዎች በአንዱ ባለ 20 አምፔር ብሬከር ይሰካል፣ ወፈር ያለ የመዳብ ሽቦ ይስባል፤ ለምጣዱ ብቻ የሚሆን ሶኬትም ይተክላል።