የፈላ ውሃ ሁሉ የተጣራ ነው?

በቤት ድስት ውሃን በእንፋሎት ማጣራት መቼ ይጠቅማል? መቼስ ልፋት ብቻ ይሆናል?

ፈረቃዎ ደርሶ ቧንቧው ሲመለስ፣ መጀመሪያ የሚወርደውን ቡናማ ውሃ ለጽዳት ይለያሉ። ቀጥለው ሮቶውንና ጀሪካኑን ይሞላሉ፤ ልጆች የሚጠጡትን ደግሞ ያፈላሉ። አንዴ ከፈላ ልብዎ ያርፋል። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆኑ በአብዛኛው ትክክል ነዎት።

ነገር ግን ማፍላት የሚፈታው አንድ ችግር ብቻ ነው፦ ጀርምን። በውሃው ውስጥ የሟሟ ጨው ወይም ማዕድን ካለ፣ የቱንም ያህል ቢያፈሉት አይወጣም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲቀንስ ማዕድኑ እዚያው ስለሚቀር፣ የቀረው ውሃ ይበልጥ ይወፍራል።

ማረጋገጥ ከፈለጉ የማንቆርቆሪያዎን ውስጥ ይመልከቱ። ሥሩ ላይ የተጋገረው ነጭ ነገር በአብዛኛው ካልሲየም ነው፤ ጉዳት የለውም። የሚነግረን ነገር ግን አለ፦ እንፋሎቱ ሲወጣ ማዕድኑ ከኋላ ይቀራል። እንግዲያው እንፋሎቱን ይዘን ብናቀዘቅዘውስ? ዲስቲሌሽን የሚባለው ይኸው ነው።

አረቄ አውጪዎች የሚያውቁት ጥበብ

ዘዴው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አረቄ የሚያወጡ እናቶች ድፍድፉን እሳት ላይ ይጥዳሉ፤ እንፋሎቱ በመቃ አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠ ዕቃ ይገባና ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ውሃን በእንፋሎት ማጣራትም መሠረቱ ያው ነው። ለባትሪ የሚሸጠው ውሃም ማዕድኑ እንዲወጣለት የተደረገ ነው፤ እሱ ግን ለመጠጥ ተብሎ ስላልተዘጋጀ አይጠጣም።

ማን ያስፈልገዋል?

ለሁሉም ቤት አያስፈልግም። ጉዳዩ በተለይ የሚመለከተው ከስምጥ ሸለቆ ጋር የሚያገናኘው ነገር ያለውን ቤተሰብ ነው። ከወንጂ አካባቢ አንስቶ በዝዋይና በላንጋኖ አድርጎ እስከ ሐዋሳ ዙሪያ ባለው መስመር፣ የእሳተ ገሞራ ድንጋዮችን አቋርጦ የሚመጣው የከርሰ ምድር ውሃ ብዙ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1 ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በዚህ መስመር ከዚያ እጥፍ በላይ ያላቸው ጉድጓዶች ብዙ ናቸው።

ፍሎራይድ በትንሹ ለጥርስ ጥሩ ነው፤ የጥርስ ሳሙናም ውስጥ የሚገባው ለዚህ ነው። ሲበዛ ግን በማደግ ላይ ያለን ጥርስ ያበላሻል። በአካባቢው ያደጉ ሰዎች ጥርስ ላይ የምናየው ቡናማ ቀለም የጽዳት ጉድለት አይደለም፤ ጥርሱ ድድ ውስጥ ሲሠራ የገባ ነው፤ በመፋቂያም በብሩሽም አይለቅም። በጣም ከፍተኛ መጠን ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ ደግሞ አጥንትንም ይጎዳል።

ወሳኙ ጊዜ ከልደት እስከ 8 ዓመት ገደማ ያለው ነው። ስለዚህ ሥራዎ ወደ አዳማ ወይም ሐዋሳ ተዛውሮ ቤተሰብ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ፣ ትንሽ ልጅዎ በዚያ አካባቢ ከአያቶቹ ጋር የሚያድግ ከሆነ፣ ወይም በግቢዎ የራስዎን ጉድጓድ ካስቆፈሩ ጥያቄው የእርስዎ ነው። ቅዳሜና እሁድን ላንጋኖ ማሳለፍ ግን አያስጨንቅዎ፤ ጉዳቱ የሚመጣው ለረጅም ጊዜ ሲጠጣ ነው።

በቤት ድስት እንዴት ይሠራል?

የሚያስፈልግዎት ትልቅ ድስት፣ ውስጡ የሚገባ ትንሽ የብረት ጎድጓዳ ሳህን፣ ንጹህ ጠፍጣፋ ድንጋይ እና መሃሉ ላይ እጀታ ያለው ጎበጥ ያለ ክዳን ነው። ለጉዞ የሚሸጡት አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገቡ ድስቶችም ለዚህ ይሆናሉ።

1. ድንጋዩን ድስቱ መሃል ያስቀምጡና ሳህኑን በላዩ ያድርጉ።

2. በዙሪያው ውሃ ይጨምሩ። የውሃው ከፍታ ከሳህኑ አፍ በደንብ ዝቅ ይበል።

3. ክዳኑን ሳይገጥሙ ውሃው ጥቂት ደቂቃ ይፍላ። ቶሎ የሚተንኑ ነገሮች በዚህ ጊዜ ይወጣሉ።

4. ክዳኑን ገልብጠው ይግጠሙ፤ እጀታው ወደ ሳህኑ ይመልከት እንጂ አይንካው። የተገለበጠው ክዳን ላይ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ ያድርጉ፤ ሲሞቅ ይቀይሩት።

5. እሳቱን ቀነስ ያድርጉ። ውሃው ከተንተከተከ ያልተጣራው ሳህኑ ውስጥ ይፈናጠቃል።

6. ከውሃው ሩብ ያህሉ ሲቀር ያውርዱት። ድስቱ ውስጥ የቀረው ማዕድኑ የተጠራቀመበት ስለሆነ አይጠጣም፤ ይደፋል።

የተጣራው ውሃ ጣዕም የሌለው ሊመስልዎት ይችላል። ከአንዱ ንጹህ ዕቃ ወደ ሌላው ደጋግመው ቢገለብጡት አየር ይገባውና ይሻሻላል። ክሎሪን ስለሌለበት እጅ ወይም ቆሻሻ ጣሳ ከገባበት ቶሎ ይበከላል፤ ከድነው ያስቀምጡት።

ሒሳቡስ?

ሙያዬ ማርኬቲንግ ነውና ዋጋውን ሳላነሳ አላልፍም። 1 ሊትር ውሃ ከአዲስ አበባ ቤት ሙቀት ተነስቶ እስኪፈላ 0.1 ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ሙሉ በሙሉ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን 0.7 ገደማ ያስፈልጋል፤ በምድጃው ዙሪያ የሚባክነው ሲጨመር 1 ኪሎዋት ሰዓት ብለው ቢይዙት ይሻላል።

አራት ሰዎች በቀን 8 ሊትር ቢጠቀሙ በወር 240 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ለአንድ ሕፃን በቀን 1 ሊትር ብቻ ካጣሩ ግን 30 ነው። ቢልዎ ላይ ባለው ዋጋ ያባዙትና ከሚገዙት የታሸገ ውሃ ጋር ያስተያዩት። በእኔ ስሌት ለቤተሰብ በሙሉ ዘወትር ማጣራት አያዋጣም። ጥርሱ በመሠራት ላይ ላለ ልጅ፣ ወይም ሌላ ውሃ በጠፋበት ጊዜ ግን ትርጉም አለው።

ጥንቃቄዎች

ከሰል የሚጠቀሙ ከሆነ ደጅ ወይም በር ተከፍቶ ይሁን። ሥራው ረጅም ነው፤ በዝግ ቤት ውስጥ የከሰል ጭስ ይገድላል። ክዳኑን ሲያነሱ እንፋሎቱ ከፈላ ውሃ የባሰ ያቃጥላልና ልጆችን ያርቁ። ሳህኑ ፕላስቲክ አይሁን። ናፍጣ፣ ቤንዚን ወይም ቀለም የሚሸት ውሃ በዚህ ዘዴ አይስተካከልም፤ እነዚህ ከእንፋሎቱ ጋር አብረው ይወጣሉ። ለጨቅላ ሕፃን ወተት መበጥበጫ ከመጠቀምዎ በፊት ደግሞ ሐኪሙን ያማክሩ።

ከድስት በፊት ጣሪያዎን ይመልከቱ

ዝናብ ማለት ፀሐይ በነጻ ያጣራችው ውሃ ነው፤ የከርሰ ምድሩ ፍሎራይድ የለበትም። ስምጥ ሸለቆ ያሉ ዘመዶችዎ ቆርቆሮ ጣሪያ ካላቸው፣ መጀመሪያ የሚወርደው አቧራውን አጥቦ እንዲያልፍ ትተው ቀጥሎ ያለውን በንጹህ ሮቶ ማጠራቀም ይችላሉ። የወፍ ኩስና አቧራ ስለማይጠፋ ከመጠጣቱ በፊት ይፈላል። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ክረምቱን በሙሉ ለሕፃኑ የሚሆን ውሃ ያለ ምንም ቢል ይገኛል ማለት ነው።

አንድ ጥያቄ ይያዙ

የማጣሪያ ካርቶን ላይ «ንጹህ ውሃ» የሚል ጽሑፍ ሲያዩ፣ ወይም ሻጩ ሲምልልዎት «ከምን?» ብለው ይጠይቁ። ከጀርም ከሆነ ማፍላትም፣ ውሃ አጋርም ይበቃል። ከፍሎራይድ ከሆነ ግን ሁለቱም አይረዱዎትም፤ ብዙዎቹ የተለመዱ የሸክላና የጨርቅ ማጣሪያዎችም እንዲሁ።

ስለዚህ ምንም ከመግዛትዎ በፊት ወደሚዛወሩበት ወይም ልጅዎን ወደሚልኩበት ከተማ የውሃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ይደውሉና የሚጠጣው ውሃ ፍሎራይድ በሊትር ስንት ሚሊግራም እንደሆነ ይጠይቁ። የግል ጉድጓድ ከሆነ ናሙና ወስደው ላቦራቶሪ ያስመርምሩ። መልሱ ከ1.5 በታች ከሆነ ውሃዎን አፍልተው ይጠጡ። ከበለጠ ግን ለትንሹ ልጅ የሚሆነውን ውሃ ከዛሬ ጀምሮ ለብቻ ይለዩለት፤ የታሸገም ይሁን፣ የዝናብም ይሁን፣ ከድስቱ ክዳን የተንጠባጠበም ይሁን።