ጣሪያ ምን ሊያበላን ይችላል? ስለ ከተማ የሰገነት አትክልት



በአዲስ አበባ የጓሮ ጎመን ይበቅልበት በነበረው ቦታ ላይ ፎቅ እየተሠራ ሲሄድ፣ «መሬቱ ቢያልቅ ጣሪያው አለን» የሚል ሐሳብ መሰማቱ አያስገርምም። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሆኖም ሊመዘን ይገባዋል።

በቀላል ስሌት እንጀምር። የአገራችን የጤፍ አማካይ ምርት በሄክታር 18 ኩንታል ገደማ ነው። በዚህ ሒሳብ 100 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ጣሪያ በአንድ የምርት ወቅት የሚሰጠው 18 ኪሎ ግራም ጤፍ ብቻ ነው። ይህ ለአንድ ቤተሰብ የጥቂት ሳምንታት እንጀራ ቢሆን ነው። ስለዚህ ጣሪያ የእህል ማሳ ሊሆን አይችልም። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ግን በጠባብ ቦታ ይበቅላሉ፤ ቅጠላቸውም ደጋግሞ ይቀነጠሳል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል። የጣሪያ ድርሻ ከዚህ ላይ ነው፤ እንጀራውን ባይተካም ወጡን ያሟላል።

ጉዳዩን አንገብጋቢ የሚያደርገው ሌላ ምክንያት አለ። ለከተማችን ከሚቀርበው ቅጠላ ቅጠል ከፊሉ በአቃቂ ወንዞች ዳርቻ የሚለማ ነው። ወንዞቹ የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ይቀላቀልባቸዋል። በዚያ በሚበቅሉ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ከባድ ብረቶች መኖራቸውን አሳይተዋል። ተክሉ በሥሩ የመጠጠውን ብረት እጥበት አያስወግደውም። ጥፋቱ የአልሚዎቹ ሳይሆን ወንዙን የሚበክለው ፍሳሽ ነው። ይሁን እንጂ ንጹሕ አፈርና ንጹሕ ውኃ የሚያገኝ ሰገነት ለቤተሰብ አንድ አማራጭ ይሆናል።

ታዲያ እንቅፋቱ ምንድን ነው? የመጀመሪያው ክብደት ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ተራ አፈር ውኃ ሲጠግብ በካሬ ሜትር ከ300 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። የመኖሪያ ቤት ወለል ግን በተለምዶ የሚነደፈው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ግራም ገደማ ተጨማሪ ጭነት እንዲችል ነው፤ ሰው ለጥገና ብቻ የሚወጣበት ጣሪያ የሚችለው ከዚህም እጅግ ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በኒው ዮርክ የተጀመረው ብሩክሊን ግሬንጅ የተባለው የሰገነት እርሻ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1919 በተገነባ ጠንካራ የፋብሪካ ሕንፃ ላይ ነበር። የእኛ የጋራ መኖሪያ ቤቶች አብዛኛው ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ ለዚህ አገልግሎት አይታሰብም። የሶሌታ ጣሪያ ያለው ሰውም አስቀድሞ የሕንፃ መሐንዲስ ያማክር፤ ከዚያም አፈሩን ከኮምፖስትና ብሎኬት ከሚሠራበት ቀላል ፑሚስ ጋር ቀላቅሎ ያቅልለው፤ ከባዱን ዕቃ ከሶሌታው መሐል አርቆ ኮለንና ቢም ባለበት በኩል ያስቀምጥ። ውኃ መከላከያው የተጎዳ ሶሌታ ደግሞ ከታች ያለውን ጎረቤት ያረጥባል።

ሁለተኛው ውኃ ነው። 10 ካሬ ሜትር መደብ በበጋ በቀን 50 ሊትር ያህል ይጠጣል፤ ይህም ሁለት ጀሪካን ተኩል ነው። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። የዝናብ ውኃ ማጠራቀም ይቻላል፤ ነገር ግን አብዛኛው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል። 1,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ለዚያ መደብ የሚበቃው ለ20 ቀን ነው፤ ሲሞላም አንድ ቶን ስለሚመዝን ቦታው መሬት ላይ ነው። ስለዚህ የመደቡን ስፋት የሚወስነው ከጣሪያው ስፋት ይልቅ የሚገኘው ውኃ ነው።

ሦስተኛው ንጽሕና ነው። ኬሚካል የነበረበት በርሜል ወይም ጀሪካን የአትክልት ማሳደጊያ አይሁን። የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ በጣሪያው ላይ የከረመውን አቧራና የወፍ ኩስ ጠርጎ ስለሚያወርድ ሳይጠራቀም ይፍሰስ።

በመጨረሻም፣ በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ጣሪያው የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ከየግል ቤቱ ውጭ ያለው የሕንፃው ክፍል የጋራ ነው። ስለዚህ ሥራው ከችግኙ በፊት በነዋሪዎች ስምምነት ይጀመራል፤ ማን ያጠጣል፣ ማን ይቀነጥሳል፣ ፍሳሽ ቢያስከትል ማን ያሠራል የሚለው አስቀድሞ ይጻፍ።

ጣሪያ ከተማን አይቀልብም። ክብደቱን፣ ውኃውንና ስምምነቱን ላሟላ ቤት ግን ከየት እንደመጣ የሚታወቅ ጎመን ይሰጣል። ከዚህ በላይ ተስፋ ካልሰጠን ሰውም አይከፋብንም፤ ሕንፃውም አይጎዳም።